ድምፅሽ የሚቆምበት ቦታ

ዘነቤ፣ የቤቴ ባለቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ የጻፍኩልሽ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግማሹን የነገረኝ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ነበር። ይሄኛውን ማንም አላገዘኝም። ጽሕፈቴ ከተጣመመ፣ የአናጢ እጅ ጣውላ እንጂ ፊደል ቀጥ አያደርግም ትዪኝ የነበረውን አስታውሰሽ እለፊኝ። ሌላ ሰው ቢያነበውም አልከፋም። የሚያሳፍር ነገር ካለበት የሚያሳፍረው እኔን ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ምሕረት ወልዳለች፤ ሴት ናት። ሶዶ ስለሚኖሩ ሕፃኗን ገና በፎቶ ነው ያየኋት፤ ግንባሯ ያንቺው ነው። በጓሮ የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ጎረቤታችን በብሎኬት ከፍ አድርጎ ሠራና፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ቆመሽ የምታዪውን ተራራ እኩሌታውን ጋረደው። ሰርቪሷን ዘሀራ የምትባል ሴት ተከራይታለች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ እዚህ ዞኑ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ናት። እሷ ስትሰግድና እኔ ስጸልይ አንዳንዴ ይገጣጠማል፤ ያን ጊዜ ግቢው ጸጥ ይላል። ወርክሾፔን ደግሞ ከቤታችን ግድግዳ ጀርባ አንሥቼ ወደ ታችኛው አጥር ወስጄዋለሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ቦታ ለምን እንደ ለቀቅኩ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ የተጀመረው በኮምፒውተርሽ ነው።

ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች የተዘጉ ጊዜ ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ያመጣሽውን ያን አሮጌ ኮምፒውተር ትንሿ ክፍል አስገባሽው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደሽ፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በእናትሽ ቋንቋ በአሪኛ ፊደል፣ ቁጥርና ተረት እያስተማርሽ ድምፅሽን ትቀጂ ጀመር። በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ በየመንደሩ በወላጆች ስልክ ይሰማል አልሽ። ትምህርት ቤት ተከፍቶም አልተውሽውም። አሪኛ የማይችል መምህር የሚመደብበት ቦታ አለ፣ ልጁ መምህሩን አይሰማው፣ መምህሩ ልጁን አይሰማው እያልሽ ቀጠልሽ። ሃያ ስድስት ትምህርት ቀዳሽ። ከዚያ ሕመሙ ጣለሽ።

ካረፍሽ በኋላ ኮምፒውተሩን ሸፍኜ ያቺን ክፍል ቆለፍኳት። ዓመት ከመንፈቅ አልገባሁባትም። በሩን ያስከፈተኝ አንድ እንግዳ ነው። መምህር ብርሃኑ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው፤ ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ ባለች መንደር የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኖ ተመድቧል። በአንድ ወላጅ ስልክ ሁለት ትምህርትሽን ሰምቶ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ጠያይቆ ወርክሾፕ ድረስ መጣ።

«ልጆቹ እኔ ሳወራ አፌን ያያሉ እንጂ አይሰሙኝም» አለኝ። «የእርሳቸውን ድምፅ ሳሰማቸው ግን ገና በመጀመሪያው ቃል ቀና አሉ። የቀሩት ትምህርቶች የት አሉ?»

ቤት ናቸው አልኩት። እንዳረፍሽ አላወቀም ነበር። ስነግረው ደንግጦ ሊሄድ ተነሣ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳይጀመር ሁሉንም አደርስልሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ቃል ስገባ ችግሩን አላወቅኩትም።

በማግስቱ ክፍሉን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። የመጀመሪያውን ትምህርት ስጫነው ድምፅሽ መጣ። ለልጆቹ ሰላምታ ስትሰጪ ነው፤ እሱን ያህል አሪኛ አውቃለሁ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ግን ድምፅሽ እንደ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር። ቀጥሎ አንድ ቃል ጫፍ ላይ ተያዘና እሱኑ ብቻ ደጋገመ፤ ማውሱም ደርቆ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። ትንሽ ሄደና እንደገና ያዘው።

ድምፅሽ በማሽን ሲበላሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ አንቺ ሃና በምትባል ሩቅ ቦታ ተመድበሽ መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ በደብዳቤ ፋንታ ካሴት ቀድተሽ በሹፌር እጅ ትልኪልኝ ነበር። አንዱን ካሴት ቴፑ በላውና ክሩን በእርሳስ እያጠነጠንኩ መለስኩት። የተጨማደደው ቦታ ላይ ድምፅሽ እንደ ሽማግሌ ይጎተት ነበር። ያኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ቸገረኝ፣ በሚቀጥለው መኪና ራስሽ ትመጫለሽ። አሁን ግን የሚመጣ መኪና የለም። እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው። አጠፋሁት።

ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ጥቂት ነካካውና «ስታክ የሚያደርገው አርጅቶ ነው፤ ፎርማት እናድርገው፣ እንደ አዲስ ይሆናል» አለኝ። በውስጡ ያለውስ ምን ይሆናል አልኩት። «ይጠፋል፤ ጠቃሚ ነገር አለው እንዴ?» አለኝ። ሲፒዩውን አቅፌ ባጃጅ ላይ ወጣሁ።

ዘሀራ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን። እንደ ሕፃን ታቅፌው ስታይ «ጋሼ ጴጥሮስ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ፎርማት እናድርገው መባሌን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ማንም እንዳይነካው» አለች። «ከሁሉ በፊት ያለው ነገር ሌላ ቦታ ይገለበጣል። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ቤተሰብ እንደሚጠራ ማለት ነው።»

የራሷን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ስንገለብጥ አረፈድን። እየቆመ እየተነሣ፣ ቀትር ላይ አለቀ። ትምህርቶቹን የቀዳሽበት ፕሮግራም ያለው ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ እንዲሰሙ አድርጎ የሚያወጣቸውም እሱ ነው። የዘሀራ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም መጫን አይፈቀድላትም። ስለዚህ ያንቺው ኮምፒውተር መዳን ነበረበት።

እሷ ቀን ቀን ቢሮ ናት። እየነገረችኝ የምሠራው እኔ ሆንኩ። የነገረችኝ ደንብ አንድ ነው፦ «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ከዚያ ያዳምጡ። የሰሙትን ይጻፉ።» ይሄ ለእኔ አዲስ አልነበረም። የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛም አራቱን እግር አንዴ ከቆረጡት አይስተካከልም። በአንድ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ በአናጢ እርሳስ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስንተኛው ትምህርት፣ ስንት ደቂቃ ላይ፣ ተንጣጣ ወይስ ቆመ፣ ምን ቀይሬ ነበር።

ስፒከሩን ነቅዬ በማዳመጫ ሰማሁ፤ ያው ነው። እንግዲህ ስፒከሩ አይደለም። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ እንዳይሆን በስታብላይዘር አድርጌ ሰካሁት፤ ያው ነው። ዘሀራ ቫይረስ ፈልጋ የተገኘውን አጠፋች፤ ያው ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄድን። ከዚያ እንጨቱ ላይ የጻፍኩትን ስታነብ አንድ ነገር አየች። ጠዋት ስከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በየሁለት ደቂቃው ይቆማል። «እየጋለ ነው» አለች። «ሽፋኑን እንፍታው።»

ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑን ሳነሣው ሰጋቱራ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዘነቤ፣ የዋንዛ ሰጋቱራ ነው፣ ቀለሙን አልስተውም። ማራገቢያው በሱ ተጠቅጥቆ እንደ ስሚንቶ ደርቋል። ግድግዳው ውስጥ ባለው ስንጥቅና በመስኮቱ ጥግ እየገባ፣ ዓመት ሙሉ አንቺ በምታወሪበት ክፍል፣ በኮምፒውተርሽም ሆድ ውስጥ ሲከማች የኖረው የእኔ የመጋዝ ትቢያ ነው። ዘሀራ «ታፍኖ ነው የኖረው፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ ያኔ ይቆማል» አለች። አንቺም ያንኑ አየር ነበር የምትስቢው። ይሄን እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያሰብኩት።

በቀለም ብሩሽ ቀስ አድርጌ ጠረግሁት። እሷም ማቀዝቀዣው ሥር የሚቀባውን ቅባት አደሰች። ወርክሾፑን ያነሣሁት በዚያው ሳምንት ነው። መቆሙ ቀረ። መንጣጣቱ ግን አልቀረም፤ በጥቂቱ ይንጣጣል። አንድ በአንድ ከኋላው የተሰካውን መንቀል ጀመርን። ለኢንተርኔት ብለሽ የሰካሻት ዶንግል እዚያው ነበረች፤ ሲም ካርዷ ከተዘጋ ቆይቷል። እሷን ስነቅል ድምፅሽ ጠራ። ዘሀራ ስታስረዳኝ፣ ዶንግሏ የሌለ ኔትወርክ እየፈለገች ኮምፒውተሩን ያለ ማቋረጥ ትጠራዋለች፤ እሱ ለእሷ ሲመልስ ያንቺን ድምፅ ይጥለዋል አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ስምንተኛው ያለውን ትምህርት በሁለት ቀን ጨረስኩ። አንዱንም ቃል አልዋጠም። ያን ሁሉ ሳምንት ያንኑ ትምህርት ስደጋግም ሳላውቀው አሪኛ ተምሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር የገበያ አሪኛ ይዤ ቀርቼ፣ አንቺም ጋሞኛዬን ከሰላምታ አላሳለፍሽውም። በአማርኛ ተዋደድን፣ በአማርኛ ተጣላን። ይሄ የቆጨኝ ሆስፒታል ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት አማርኛው ከአፍሽ ሸሸና በአሪኛ ብቻ ታወሪ ነበር። እህትሽ ወርቄ አጠገቤ ቆማ «ውሃ ትላለች፣ መስኮቱን ክፈቱ ትላለች» እያለች ትተረጉምልኝ ነበር። ባልሽ ሆኜ በአስተርጓሚ ሰማሁሽ። አሁን ቢሆን ውሃ ስትዪ ይገባኝ ነበር።

ወደ አሥራ ዘጠነኛው ስገባ ድምፅሽ እንደገና ቆመ።

ዘሀራ ከሥራ እስክትመለስ ደጋግሜ ሞከርኩ። ስትመጣ «ተመልሶ መጣ» አልኳት። እሷ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ እንጨቱን ነው። «ስንት ደቂቃ ላይ?» አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። «ደግመው ሲያጫውቱትስ?» ያው፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት። ሦስተኛም ጊዜ። የበፊቱ ጣጣ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አያውቅም ነበር። ማውሱን እየነቀነቀች አጫወተችው፤ ድምፅሽ ሲቆም ማውሱ አልቆመም። ከዚያ ማዳመጫውን አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ጋሼ ጴጥሮስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስታክ ያደረገ ኮምፒውተር የዶሮ ድምፅ አያሰማም። ይሄ ዝምታ የተቀዳ ነው። እርሳቸው ናቸው ዝም ያሉት።»

ማዳመጫውን ተቀበልኳት። እውነቷን ነው። ዝምታው ውስጥ ዶሮ አለች። ትንፋሽሽ አለ፤ አጭር አጭር፣ በጥርስ መሐል የሚወጣ። ከትንፋሽሽ ጀርባ ደግሞ የጣውላ መላጊያ፣ ፒያላ አለ፤ ይሄዳል ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል። የሚያፏጭም ሰው አለ። መዝሙር ነው የሚያፏጨው፣ ደስ ብሎት። ከዚያ ዘጠኝ ሰከንድ አልፎ ድምፅሽ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ምንም እንዳልሆነ።

ዘሀራ ቀና ብላ ሳታየኝ ወጥታ ሄደች። እኔ የሚያፏጨውን ሰው ደግሜ ሰማሁት። በዚያ ሳምንት የምሠራው የሙሽሮች ቁምሳጥን ነበር፤ ጥሩ ዋንዛ አግኝቼ ነበር፤ በመሐላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው የነበረው። ከአሥራ ዘጠነኛው እስከ ሃያ ስድስተኛው ድረስ ቆጠርኳቸው። ዝምታዎቹ እየበዙና እየረዘሙ ይሄዳሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ እኔ አለሁ፤ እቆርጣለሁ፣ እልጋለሁ፣ አፏጫለሁ።

ቅዳሜ ወርቄ ለገበያ ስትወርድ ጠርቼ አሰማኋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ያኔ ነው የጀመራት» አለችኝ።

ታውቂ ነበር እንዴ አልኳት።

«አውቅ ነበር። ጎኗን ይዛ አጎንብሳ አገኘኋት። ለጴጥሮስ ልንገረው ስላት ቃል አስገባችኝ። ከነገርሽው ሥራውን ጥሎ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዞኝ ይዞራል፤ መቅዳቱም ይቀራል፤ ትምህርቱን ልጨርስና እኔው እነግረዋለሁ አለችኝ።» ከዚያ «አንተ ግን ግድግዳው ማዶ ነበርክ» አለችኝ። ለመውቀስ አይደለም። ልክ እንደዚያ ነበር፣ የሆነውን ነው የተናገረችው።

ዘነቤ፣ ተቆጣሁሽ። የሞተን ሰው አይቆጡም ይባላል፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ተቆጣሁሽ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» ሲለን አንቺ ወደ መስኮቱ ዞረሽ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ለማን ብለሽ ነው? የማታውቂያቸው ልጆች በሁለት በሁለት መቁጠር እንዲችሉ? ምሕረት ምን ትሁን? እኔስ? ይሄን ሁሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በአራተኛው ቀን ቁጣው ወደ እኔ ዞረ። በእራት ላይ ምግብ ትተይ ነበር። ቀበቶሽን አጥብቀሽ ታስሪ ነበር። የሚያፏጨው ሰው ግን አላየም፤ ሰውየው የቁምሳጥን በር ስንት ሴንቲ እንደሚያጥር ከሩቅ የሚያይ ነው።

ዘሀራ ድምፅ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየችኝ። ዝምታው ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ሆኖ ይታያል። በማውስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘሽ ታጠፊዋለሽ፤ ሁለቱ ጫፎች ይገጥማሉ። እንደ ጣውላ ነው፤ ብል የበላውን አውጥተሽ ደህናውን ከደህናው ታጋጥሚያለሽ፣ መገጣጠሚያው አይታወቅም። ለልጆቹ ብዬ ነው አልኩ። ልጅ ዘጠኝ ሰከንድ ዝም ካሉት ልቡ ይሄዳል፤ ስልኩ ተበላሸ ይላል። ለዘሀራም እንዲሁ አልኳት። ወርቄ ግን አልተቀበለችኝም። «የእሷን ዝምታ ለምን ትቆርጣለህ?» አለችኝ። «ማሽኑ ያበላሸውን ጠግነሃል፤ ይሄ የማሽን ብልሽት አይደለም።» እውነቱን አንቺ እወቂው፤ የምቆርጠው የሚያፏጨውን ሰው ነበር።

ገና አሥራ ዘጠነኛውን ቆርጬ እንደጨረስኩ መምህር ብርሃኑ ለስብሰባ ጂንካ ወርዶ መጣ። የሚወጣበት ሞተር ሊነሣ ነው፤ መንፈቀ ዓመቱም ሰኞ ይጀመራል። ሃያ ስድስቱንም እንደተቀዱ፣ ሳይቆረጡ በሚሞሪ ጭኜ ሰጠሁት። ከአሥራ ስምንተኛው በላይ ያለውን ለጊዜው አታሰማቸው፣ የተስተካከለውን አመጣልሃለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ሁሉንም ቆርጬ እስክጨርስ ብዙ ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ አዲሱን ሚሞሪ ሸሚዜ ኪስ ከትቼ ራሴ ወጣሁ።

ሞተሩ እስከሚሄድበት ሄጄ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ በግራና በቀኝ እንሰት ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ስደርስ ድምፅሽን ሰማሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በትንሽ ስፒከር፣ ጎላ ብሎ። ሃያ አንደኛው ትምህርት ነው፤ በሁለት በሁለት መቁጠር። መምህሩ አሥራ ስምንቱን ጨርሶ፣ ልጆቹ ሌላ ሲሉት መጠበቅ አቅቶት ነው። ያ ዝምታ የት እንዳለ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስድስት ካልሽ በኋላ ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ከሁሉም የሚብሰኝ እሱ ነው። ሮጬ ልደርስ ፈለግሁ። በሩ ላይ ስደርስ ስድስት አልሽ።

ቆምሽ።

ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ስምንት አሉ። አሥር አሉ። አሥራ ሁለት አሉ። እየጮኹ አሥራ ስድስት ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ አንቺ ረጋ ብለሽ ስምንት አልሽ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቀድመውሽ ሄደዋላ። አንዲት ልጅ ከፊት ተነሥታ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብላ በአሪኛ አንድ ነገር አለችሽ፤ ገባኝ። ቶሎ በዪ ነው ያለችሽ። ቀጥሎ የጅቡና የፍየሏ ተረት መጣ። ጅቡ ደጁ ላይ መጥቶ ሊናገር ሲል ቆምሽ። ግማሾቹ ጅቡ የሚለውን ተናገሩ፣ ግማሾቹ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ ከዚያ አንቺ ስትቀጥዪ ጸጥ ብለው ማን ልክ እንደሆነ ሰሙ።

እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ፒያላውን ጠበቅኩት፤ ፉጨቱንም ጠበቅኩት። አልተሰማም። እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አርባ ልጅ በላዩ ላይ ይናገር ነበር።

መምህር ብርሃኑ አይቶኝ ወደ በሩ መጣ። «አልታገሥ ብለውኝ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤትዎ ልጅ የሚያውቁ መምህር ነበሩ። የሚመልሱበትን ጊዜ ትተውላቸዋል። እኔ ይሄን ከዓመት ሥልጠናም አላገኘሁትም» አለኝ።

ልዋሸው እችል ነበር። ልጆቹ ከወጡ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት፤ ሕመምሽን፣ ግድግዳውን፣ የሚያፏጨውን ሰው። መምህሩ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ስጨርስ «የተስተካከለውን አምጥተዋል?» አለኝ። አዎ፣ ኪሴ ውስጥ ነው አልኩት። እጁን ግን አልዘረጋም። እኔም አላወጣሁትም። «እንዳለ ይሁን» አልኩት። «እንዳለ ይሁን» አለኝ።

ስመለስ የቆረጥኳቸውን ሁሉ ከዘሀራ ሃርድ ዲስክ ላይ እንደነበሩ መለስኳቸው። ወርቄ ይሄን ስትሰማ ከገበያ ያመጣችውን ቦሎቄ አስቀምጣልኝ ሄደች። አሁን ሌሎች ሦስት ትምህርት ቤቶች ያሰሙሻል። ዘሀራ ለሚጠይቃት ሁሉ ታድላለች፤ አንድ ጊዜ አንድ መምህር ቅጂው ይቆራረጣል ብሎ ቢመልስላት፣ «እሱ ብልሽት አይደለም፤ ልጆቹን ያስቀምጡና ይሞክሩት» አለችው።

ቁጣዬ አልቋል። ይቅርታ ደግሞ ከአንቺ የምሰማበት መንገድ የለኝም፤ ስለዚህ አልጠይቅሽም፣ እሸከመዋለሁ። ቃል ልግባልሽ ግን። መቃብርሽን ማጽዳትና ስምሽን መጥራት ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ከዚያ ሌላ፣ አጠገቤ ያለ ሰው በወሬው መሐል ዝም ሲል መሣሪያዬን አስቀምጬ፣ ሄጄ፣ ምን ሆነሻል፣ ምን ሆነሃል ብዬ እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ ባይኖር እንኳ እቆያለሁ። እስከማርፍ ድረስ አንቺን የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ባልሽ ጴጥሮስ
ጂንካ